ማኅተም ከመመታቱ በፊት፦ የመኖሪያ ቤት ፕላንን ለግንባታ ፈቃድ ከማቅረብ አስቀድሞ ስለ መመርመር

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ወይም ስለ ከተማ ታላላቅ ዕቅዶች አልናገርም። የምናገረው አንድ ቤተሰብ ያሠራውን የመኖሪያ ቤት ፕላን ለግንባታ ፈቃድ ከማስገባቱ በፊት ስላሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። አብዛኛው ሰው በዕድሜው ቤት የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚፈስበት ውሳኔ በአመዛኙ በእነዚህ ሳምንታት ይወሰናል፤ ነገር ግን ሁሉም ወገን ፈቃዱን ለማግኘት ስለሚቸኩል በቅጡ ሳይታይ ያልፋል። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። በወረቀት ላይ ያለ ግድግዳ በላጲስ ይነሣል፤ የቆመ ግድግዳ ግን በመዶሻ፣ በገንዘብና በጠብ ነው የሚነሣው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ላንሣ። ብዙ የቤት ባለቤቶች ፕላኑ ማኅተም ካረፈበት "ተመርምሯል፤ ጥሩ ነው" ብለው ያምናሉ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚመልሰው ጥያቄ "ይህ ቤት በዚህ ቦታ ላይ በሕግ ሊሠራ ይችላል ወይ?" የሚለውን ነው። "ይህ ቤተሰብ በዚህ ቤት ውስጥ ተመችቶት ሊኖር ይችላል ወይ?" የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመረምር ሹም የለም፤ እንዲኖርም አይጠበቅም። ይህ ጥያቄ የባለቤቱና የንድፍ ባለሙያው ነው። ሁለቱም "ማኅተሙ ይበቃናል" ብለው ከተዉት፣ ጥያቄው ሳይመለስ ቤቱ ይቆማል ማለት ነው።

ማኅተሙ ምን ይላል?

የሕንፃ ሕጋችንን አሠራር ለመረዳት በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እና እሱን ለማስፈጸም በ2003 ዓ.ም. የወጣውን ደንብ ቁጥር 243 ማንበብ ጥሩ መነሻ ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። በምድብ "ሀ" የተቀመጡት በተሸካሚ አካላቱ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ሕንፃና ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ናቸው። የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከፍታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎች በምድብ "ሐ" ገቡ። በመካከል ያሉት በምድብ "ለ" ተጠቃለሉ። የአመዳደቡ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ሕንፃው ሲከብድና የሚጠቀምበት ሰው ሲበዛ፣ የሚጠየቀው የባለሙያ ኃላፊነትና የሚቀርበው ሰነድ ይጨምራል። ሕጎችና መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ አመልካቹ በሚያመለክትበት ወቅት በሥራ ላይ ያለውን መስፈርት ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከፈቃዱ የሚቀድም የፕላን ስምምነት የሚባል ሰነድም አለ። የከተማው ፕላን ለዚያ ይዞታ የፈቀደው አገልግሎት ምን እንደሆነና ግንባታው በምን ወሰን ውስጥ መቆየት እንዳለበት የሚታወቀው በዚህ ደረጃ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ የፕላን ስምምነቱንና ካርታውን ከፊታችሁ ሳታስቀምጡ የቤቱን ፕላን አትክፈቱ። በካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ በሜትር ከሚለካው ጋር ካልተስማማ ሌላው ምርመራ ሁሉ በአሸዋ ላይ የቆመ ነው።

ወሰንን በቁጥር እንየው። 10 ሜትር ስፋትና 20 ሜትር ርዝመት ያለው 200 ካሬ ሜትር ቦታ እንውሰድ። ለምሳሌ ያህል ከሁለቱም ጎረቤቶች 2 ሜትር እንድንርቅ ቢጠበቅብን ለቤቱ የሚቀረው ስፋት 6 ሜትር ነው። ከዚያ ላይ የግራና የቀኝ ውጫዊ ግድግዳዎች በልስናቸው ግማሽ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። በቀረው 5.50 ሜትር ውስጥ ኮሪደርና ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ለማኖር የሞከረ ንድፍ ገና ከጅምሩ የተጨናነቀ ነው። ይህን ስሌት ባለቤቱ ራሱ በአንድ ደቂቃ ሊሠራው ይችላል፤ ሆኖም የሚሠራው ጥቂት ነው።

መሬቱን ማንበብ

"ውኃ ከጡሩ፣ ነገር ከሥሩ" እንደሚባለው፣ ምርመራው ከመሬቱ ይጀምራል። በአገራችን ደጋግሜ የማየው ችግር ለአንድ ቦታ የተሠራ ፕላን ስሙ ተቀይሮ ለሌላ ቦታ መቅረቡ ነው። ምልክቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያሻም። የሰሜን አቅጣጫ ቀስቱ መሬት ላይ ካለው ሰሜን ጋር ካልገጠመ፣ የመንገዱ ጎን ከተገለበጠ፣ ወይም ተዳፋት የሆነው ቦታ በሥዕሉ ላይ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ከታየ፣ ያ ፕላን ለዚያ መሬት አልተወለደም።

ተዳፋቱን ላስረዳ። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ከመቶ አሥር ቢያዘቀዝቅ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ መካከል 2 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። ፕላኑ ይህን ካላሳየ የሚመጣው በሥራው ሜዳ ነው። በአንድ ወገን ቁፋሮ፣ በሌላው ወገን ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ሙሌትና ደጋፊ ግንብ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ለግድግዳ ያሰበው ገንዘብ ከመሬት በታች ይቀበራል። ስለዚህ ሴክሽን የምንለውን፣ ቤቱን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ ወደ ታች ቆርጦ የሚያሳየውን ሥዕል ዘርግታችሁ፣ የተፈጥሮ መሬቱ መስመር የት እንደሚያልፍ ጠይቁ። መስመሩ ከሌለ ሥዕሉ አላለቀም።

የአፈሩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በአዲስ አበባ ሰፊ ክፍልና በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ ከተሞቻችን ያለው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ይህ እንቅስቃሴ በየዓመቱ መሠረቱን ሲያነሣና ሲያወርድ ወለል ይፈነዳል፣ ግድግዳ ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በር አልዘጋ ይላል። ቀላል ቤት ከከባዱ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ መኖሩ ብዙዎችን ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ትንሹ ቤት የሚያብጠውን አፈር ተጭኖ ለመያዝ ክብደቱ አይበቃውም። ስለዚህ የመሠረቱ ሥዕል "የመሠረት ጥልቀት" ብሎ የጻፈው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከአፈር ምርመራ ከመጣ መልካም ነው፤ ከሌላ ፕላን ከተቀዳ ግን ጥልቀቱ የሌላ ሰው መሬት ጥልቀት ነው።

ውኃ ሦስተኛው የመሬት ጥያቄ ነው። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 50 ሚሊ ሜትር የሚለካ ዝናብ ሲወርድበት 5,000 ሊትር ውኃ ይሰበስባል። አሸንዳው ይህን ውኃ ወዴት እንደሚመራው ፕላኑ ካላሳየ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ ራሱ ቤት መሠረት መሄዱ አይቀርም። የመጀመሪያው ጠብ ያመጣል፤ ሁለተኛው በመረሬ ላይ ከሆነ ቤት ያፈርሳል። የፍሳሹም ቧንቧ እንዲሁ ነው። ከመቶ ሁለት ተዳፋት ይዞ 15 ሜትር የሚጓዝ ቧንቧ መጨረሻው ከመነሻው 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። መንገዱ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ይህ ፍሳሽ በራሱ ኃይል ወደ መንገድ አይወጣም። ማንሆሎቹ ላይ የከፍታ ቁጥር ከሌለ ፍሳሹ የሚሄደው በምኞት ነው።

አራተኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሰኔ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። በሰኔና በሐምሌ ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ነው። ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ብራ በሚሆንበት በበጋ ፀሐይዋ የምትገኘው በደቡብ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ በምሥራቅና በደቡብ በኩል መስኮት ያለው መኝታ ቤት የተፈጥሮ ማሞቂያ አለው ማለት ነው። ይኸው ፕላን ወደ ድሬዳዋ ቢወሰድ ግን ሥሌቱ ይገለበጣል። እዚያ ዋናው ጭንቀት ዝቅ ብላ የምትገባውን የማለዳና የማታ ፀሐይ መከላከል ስለሆነ ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞሩ ይመረጣል። አንድ ፕላን ለሁሉም ከተማ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

ቤቱን በሜትር ማንበብ

ከመሬቱ ወደ ወለሉ ፕላን እንግባ። አብዛኛው ባለቤት የክፍሎቹን ስምና ብዛት ያያል። "ሦስት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት መታጠቢያ" ይልና ይረካል። ስም ግን ስፋት የለውም። "መኝታ ቤት 3.00 ሜትር" ተብሎ ሲጻፍ የሚጠየቀው ከየት እስከ የት ነው? ልኩ ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ከሆነ፣ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ከሁለት ወገን ልስኑ ጋር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በውስጥ የሚገኘው 2.75 ሜትር ብቻ ነው። 1.50 ሜትር ስፋት ያለው አልጋ ግድግዳ አስጠግተን፣ ፊት ለፊቱ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሣጥን ብናቆም የሚተርፈው 65 ሴንቲ ሜትር ነው። የቁም ሣጥኑን በር መክፈት የሚቻለው አልጋው ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ጂ+1 ለሚሠሩ ሰዎች ደረጃው የተለየ ትኩረት ይሻል፤ በወረቀት ላይ ዘወትር ከሚያስፈልገው ያነሰ ቦታ የሚሰጠው እሱ ነውና። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከፍታ ቢኖር፣ በ17 እርምጃ ቢከፈል፣ የእያንዳንዱ ቁመት 17.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እግር የሚያርፍበት ስፋት 28 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ደረጃ ወደ 4.50 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በመሐል ታጥፎ ሲወጣ ደግሞ ማረፊያውን ጨምሮ 3.35 ሜትር ያህል ርዝመትና የሁለት መውጫ ስፋት ያስፈልገዋል። በፕላኑ ላይ ለደረጃ የተተወው ቦታ ከዚህ ካነሰ፣ ሠራተኛው ያለው አማራጭ ደረጃውን ማቆም ብቻ ነው። ያ ደረጃ ለሕፃን፣ ለአረጋዊ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው የዕለት ተዕለት አደጋ ይሆናል። ከዚያም በሴክሽኑ ላይ ከደረጃው በላይ ያለውን ቢም ፈልጉ፤ በሚወጣው ሰው ራስና በቢሙ መካከል በቂ ከፍታ መኖሩን በማስመሪያ ለኩ።

ኑሮን ማንበብ

አሁን ሕግ የማይጠይቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማየው ጥያቄ ላይ ደረስን። የንድፍ ስብሰባ ላይ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ነው። እንጀራ የሚጋግረው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ሕመምተኛ የሚያስታምመው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ የለም። በዚህ የተነሣ የምናየው ፕላን ሳሎኑ ሰፊ፣ በረንዳው ያማረ፣ ማድ ቤቱ ግን የተረፈ ቦታ ላይ የተወሸቀ ነው።

ማድ ቤቱን እንመርምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል። በ220 ቮልት 4 ኪሎ ዋት ማለት 18 አምፔር ነው፤ ይህም ለተራ ሶኬት መስመር ከታሰበው በላይ ነው። በኤሌክትሪክ ሥዕሉ ላይ ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ካልተሣለ፣ ሥዕሉ የተሣለው እንጀራ ለማይጋገርበት ቤት ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ከሰል ወይም እንጨት የሚነድበት ቦታስ የት ነው? ጭሱ በየት ይወጣል? በአዲስ አበባ የበጋው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ከቤቱ በስተ ምሥራቅ የተቀመጠ ማድ ቤት ጭሱን ወደ መኝታ ቤቶቹ ይልካል። ጭስ ደግሞ ከምንም አስቀድሞ የሚጎዳው ምድጃው ዘንድ የምትውለውን እናትና ጀርባዋ ላይ ያለውን ሕፃን ነው።

ቀጥሎ ሰው የሚበዛበትን ቀን አስቡ። በእኛ ኑሮ ቤት የሚለካው በተራ ቀን ብቻ አይደለም። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ኒካሕ አለ፣ ለቅሶ አለ። ድንኳን የሚተከለው የት ነው? ድስት የሚጣደው የት ነው? እንግዳው ወደ መጸዳጃ ሲሄድ በመኝታ ቤቶች መሐል ያልፋል? ግቢውን በሙሉ በቤት የሸፈነ ፕላን እነዚህን ቀናት ወደ መንገድ ያስወጣቸዋል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ቤቱን በአርባ ዓመታቸው የሚሠሩ ሰዎች በሰባ ዓመታቸውም ይኖሩበታል። መኝታዎቹ ሁሉ ፎቅ ላይ ከሆኑ፣ ጉልበቷ የደከመ እናት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። ምድር ቤት አንድ መኝታና በአጠገቡ መታጠቢያ ማስቀመጥ በፕላን ደረጃ የሚጠይቀው ሐሳብ ብቻ ነው። የመታጠቢያው በር 70 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቢሣል ተሽከርካሪ ወንበር አይገባበትም፤ 90 ቢሆን ይገባል። ልዩነቱ ሃያ ሴንቲ ሜትር ነው። ለሰውየው ግን ራሱን ችሎ በመታጠብና በሰው እጅ በመታጠብ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከአገር ውጭ ሆነው ቤት ስለሚያሠሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልናገር። በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ይልቁንም በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ፕላኑን የሚያዩት በስልክ በተላከ ፎቶግራፍ ነው። በዚያች ጠባብ መስታወት ላይ ቁጥር አይነበብም፤ ቀለም ብቻ ያምራል። ለእነርሱ የምንልከው ነገር በቀለም ያሸበረቀ ምስል ብቻ ከሆነ አላስረዳናቸውም። እያንዳንዱ ክፍል በውስጥ ልኩ ምን ያህል እንደሆነ፣ የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ በግልጽ ቋንቋ ተጽፎ ሊላክላቸው ይገባል። የላባቸው ዋጋ ነውና።

ሉሆቹን ማስታረቅ

አንድ ፕላን አንድ ሥዕል አይደለም። የአርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ፣ የውኃና ፍሳሽ ባለሙያው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሉሆች አሉት። እያንዳንዱ ለብቻው ትክክል ሆኖ እርስ በርሳቸው ሊጣሉ ይችላሉ። በአርክቴክቱ ሥዕል በር በሆነበት ቦታ ላይ በስትራክቸሩ ሥዕል ኮለን ቆሞ ይገኛል። የፎቁ መጸዳጃ ቧንቧ በሶሌታው ሥር ሲወርድ ቢም መሐል ያርፋል። በሥራ ሜዳ ይህ የሚፈታው ቢሙን በመብሳት ወይም ኮለኑን "ትንሽ ጠጋ" በማድረግ ነው። ሁለቱም የመሐንዲሱን ስሌት ያፈርሳሉ። ቀላሉ መፍትሔ ሁለቱን ሉሆች በአንድ መስፈርት አትሞ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ፣ በመስኮት ብርሃን ፊት ይዞ ማየት ነው። የማይገጥም ኮለን ወዲያውኑ ይታያል።

የውኃ ማጠራቀሚያውንም አትርሱ። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 2 ቶን ነው። ጣሪያ ላይ እንደሚቀመጥ መሐንዲሱ ካልተነገረው በስሌቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። "በኋላ እናስቀምጠዋለን" የሚባል 2 ቶን የለም።

ስለ ስትራክቸር ስናነሣ የመሬት መንቀጥቀጥን ማለፍ አይቻልም። ስምጥ ሸለቆ አገራችንን ለሁለት ከፍሏታል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰውንና ካራቆሬን የጎዳውን መንቀጥቀጥ ታሪክ መዝግቦታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተከታተሉት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተው ብዙ ሰው ሌሊት ከፎቅ እንዲወርድ አድርገዋል። የሕንፃ ደረጃችንም ለዚህ ያለው ግምት አድጓል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮድ የተመሠረተው በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ በሚጠበቅ ንቅናቄ ላይ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ ግን በ475 ዓመት የሚጠበቀውን ይወስዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ለመሐንዲሱ ሊያቀርብ የሚገባው ቀላል ጥያቄ አለ፤ "ስሌቱ የተሠራው በየትኛው ደረጃ ነው?"

ከፕላኑ በዓይን የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። ምድር ቤቱ ለሱቅ ወይም ለመኪና ተብሎ ግድግዳ ሳይኖረው በቀጫጭን ኮለኖች ላይ ቆሞ፣ ከላይ ግን ግድግዳ የበዛበት ቤት፣ ሲናጥ ጉዳቱ ሁሉ በዚያ ባዶ ወለል ላይ ይከማቻል። የፎቁ ኮለን ከምድር ቤቱ ኮለን ጋር ካልገጠመና ቢም ላይ ከተቀመጠ፣ ክብደቱ በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ወደ መሬት ይወርዳል። ኮለኖቹን ከመሠረት እስከ ጣሪያ በጣታችሁ ተከተሉ። መንገዱ ከተቋረጠ ጠይቁ። አጥጋቢ መልስ ሊኖር ይችላል፤ መልሱ ግን በስሌት እንጂ በ"አይዞህ" አይሰጥም።

ምርመራው እንዴት ይካሄድ?

ሥርዓቱን በአጭሩ ላስቀምጥ። በመጀመሪያ ፕላኑን በ1 ለ 50 መስፈርት አሳትሙ። በዚህ መስፈርት 2 ሴንቲ ሜትር አንድ ሜትር ነው። ያላችሁን ዕቃ ሁሉ፣ አልጋውን፣ ሶፋውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ምጣዱን፣ በዚሁ ልክ ከካርቶን ቆርጣችሁ በፕላኑ ላይ አሰልፉ። በሮች ሲከፈቱ ከምን ጋር እንደሚጋጩ ያን ጊዜ ይገለጣል።

ሁለተኛ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ሰብስባችሁ አንድ ሙሉ ቀን በፕላኑ ላይ "ኑሩ"። ማን ቀድሞ ይነሣል? ውኃ በሌለበት ቀን ጀሪካኑ በየት ይገባል? የታጠበው ልብስ የት ይሰጣል? ሕፃኑ ግቢ ውስጥ ሲጫወት ከማድ ቤት መስኮት ይታያል? ለዚህ ጉባኤ ከአርክቴክቱ ይልቅ እማሆይ አያቴ የተሻሉ ገምጋሚ ናቸው ብል አትታዘቡኝ፤ የቤትን ጉድለት የሚያውቀው የኖረበት ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ መሬቱ ሂዱ። በሜትር፣ በገመድና በኖራ የቤቱን ዋና ዋና መስመሮች መሬት ላይ አስምሩና በውስጡ ተመላለሱ። የሚያስከፍለው የአንድ ቀን ድካም ነው። በወረቀት ላይ ሰፊ የመሰለው ሳሎን መሬት ላይ ሲጠብ፣ ወይም የመኝታው መስኮት ከጎረቤት መስኮት ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም፣ ሰው ያለ ማንም ገለጻ ይረዳል።

አራተኛ፣ ያገኛችሁትን ጥያቄ ሁሉ በጽሑፍ ለባለሙያው አቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የተሻሻለው ፕላን በየሉሁ ቀን ይጻፍበት፤ አሮጌው ይወገድ። በሥራ ሜዳ ሁለት ዓይነት ፕላን ይዞ የሚሠራ ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ቤት ይሠራል። ከዚህ በኋላ ለፈቃድ ይግባ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ማሻሻያ ጠይቆ እንደገና መጽደቅ አለበት፤ ያለ ማሻሻያ የተለወጠ ቤት ባለቤቱን ለቅጣት፣ ግንባታውን ለመታገድ ያጋልጣል። አንድ ሳምንት ቆጥቦ ወራት መክሰር ማለት ይህ ነው።

"ይህ ሁሉ የባለሙያው ሥራ አይደለም ወይ?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስሌቱ የባለሙያው ነው፤ ኃላፊነቱም በሕግ የእሱ ነው። ባለቤቱ የፌሮ ውፍረት እንዲያሰላ አልጠይቅም። የምጠይቀው ስለራሱ ኑሮ የሚያውቀውን ሳይደብቅ እንዲናገርና ያልገባውን ሳያፍር እንዲጠይቅ ነው። ባለሙያው ያ ቤተሰብ ስንት እንግዳ እንደሚቀበል፣ ማን ታሞ እንደሚተኛ በራሱ ሊያውቅ አይችልም።

ለተማሪዎቼ

የመጨረሻው ቃሌ ነገ ፕላን ለምትሥሉት ለእናንተ ነው። ፕላን ለማያውቀው ሰው የባዕድ ፊደል ነው። ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ "እሺ፣ ጥሩ ነው" ሲላችሁ፣ ተስማማ ብላችሁ አትፈርሙ፤ ምናልባት አለማወቁን መግለጽ አፍሮ ይሆናል። በአገራችን የተማረን ሰው መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቤት ዛሬም ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እናንተ ቀድማችሁ አንሡለት። "ጋሼ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚተኛው ማን ነው? እትዬ፣ ምጣዱን የት ያስቀምጡታል?" በሉ። መልሱን ስትሰሙ ፕላናችሁን መለወጥ ግድ ቢላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሥራችሁ የተጀመረው ያን ጊዜ ነውና።

የግንባታ ፈቃድ ሕዝብን ከአደጋ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት በደል የሚጠብቅ አስፈላጊ ሥርዓት ነው። እንድናከብረው ያስፈልጋል። ከእሱ የማይጠበቅን ነገር ግን አንጣልበት። ማኅተሙ ቤቱ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ቤቱ ለሚኖሩበት ሰዎች እንዲሆን የሚያደርገው ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት ፕላኑን በትዕግሥት ዘርግቶ፣ ከሚኖሩበት ጋር ተቀምጦ ማንበብ ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።